ወደ ግራ የዞረ ቋጠሮ

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ሀኒፋ የሳቢርን ሥዕሎች ልታይ ስትሄድ ልቧ ሙሉ ነበር። ስትመለስ ግን ከሥዕሎቹ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛ ተመለሰች፤ እሱም ዓይን ውስጥ እንደ ገባ ጉድፍ አላስቀምጥ አላት።

የሳቢር የብየዳ ቤት ከጭሮ መናኸሪያ ጀርባ ነው። ከፊት በኩል በርና የመስኮት ፍርግርግ ይሠራል፤ እንጀራው እሱ ነው። ከኋላ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ደግሞ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት የተማረውን ይሠራል። ሰው አይስልም። ተክልና ከተማ ነው የሚስለው፣ እነሱንም ቢሆን እንዳሉ አይደለም። የቅጠል ጅማት ወስዶ ጎዳና ያደርገዋል፤ የአንድ ሰፈር ጣሪያዎችን ወስዶ ፍሬ ያደርጋቸዋል። ካደጉ ወዲህ ሀኒፋን ከሦስት ዓመት በፊት ያገኛት የምትሠራበትን መድኃኒት ቤት መስኮት ሊበይድ መጥቶ ነው። የአንድ ቀን ሥራ አራት ቀን ፈጀበት፤ ለምን እንደ ፈጀበት ሁለቱም ያውቃሉ፣ አንዳቸውም ግን አላወሩትም።

ያላገባች ልጅ ብቻዋን ወንድ ወዳለበት አትሄድምና ሀኒፋ የሥራ ባልደረባዋን ወሰንየለሽን አስከትላለች።

«ይቺ ‹ማሽላና መሰላ› ናት» አለ ሳቢር፣ ከእሱ ቁመት የሚተልቅ ሸራ ወደ ብርሃኑ እያዞረ።

«ማሽላው የቱ ነው፣ መሰላ ከተማውስ የቱ?» አለች ወሰንየለሽ።

«ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው።»

«አቦ! እኔ እኮ የተቃጠለ ጣሪያ መስሎኝ ነበር።»

«እሱም አለበት» አለና ሳቀ።

ሀኒፋ አልሳቀችም። ዓይኗ ሥዕሉ ላይ አንድ ቦታ ተተክሎ ቀርቷል። ቀዩና ቡናማው ቀለም ተሰብስቦ በሚጠብበት፣ ልክ የማሽላው ዛላ አንገት ላይ፣ አንድ ቋጠሮ አለ። ቀጭን፣ ቢጫ፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ ጫፉን በራሱ ሥር የደበቀ። ወደሚቀጥለው ሄደች። «ቁልቋልና ቦርደዴ» ይላል ሳቢር ከኋላዋ፤ አመድማ አረንጓዴ፣ በመሐሉ የጭነት መኪኖች መንገድ እንደ እሾህ የተሰካበት። ቋጠሮው እዚያም አለ። «ቡናና ቦኬ» ላይም አለ። አሥራ አንድ ሥዕል ቆጠረች፣ አሥራ አንድ ቋጠሮ። ሁሉም ወደ ግራ የዞሩ ናቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ጌጥ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። የጫት ነጋዴ ልጅ ግን ቋጠሮ አይታ አታልፍም። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በልጥ የሚታሰረው የጫት እስር፣ ዙርባው፣ ስም አይጻፍበትም። መኪናው ደርሶ ሲራገፍ ተረካቢው አስተሳሰሩን አይቶ ነው «ይሄ የእገሌ ቤት ነው» የሚለው። የአባቷ የሐጂ ጃዕፈር ቋጠሮ ወደ ቀኝ ይዞራል። ወደ ግራ የሚዞረው የመህዲ ነው። መህዲ የአባቷ ሸሪክ ነበር፤ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ተጣልተው ሲለያዩ ይህንኑ ቋጠሮ ወደ ግራ ገልብጦ የራሱ ምልክት አደረገው። ከዚያ ወዲህ በሐጂ ጃዕፈር ግቢ ወደ ግራ ማሰር እንደ ስድብ ይቆጠራል።

መህዲ ደግሞ ሙስሊማ የምትባል፣ በመንገድ ስታልፍ ሰው ሥራ የምታስፈታ ልጅ አለችው።

«ይቺስ ምንድን ናት?» አለች ሀኒፋ፣ ሥዕሉን ሳትነካ ወደ ቋጠሮው እያመለከተች።

ሳቢር ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ አንድ ደስታ ብቅ ሊል ሲል ቆመ። ወሰንየለሽን ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አላወቅሻትም?»

«ባውቃት እጠይቅሃለሁ?»

«እንግዲያ ሐሙስ፣ ዐውደ ርዕዩ ላይ። አሁን ሰው አለ።»

«ሰውየው እኔ ነኝ?» አለች ወሰንየለሽ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰው መባሌም አንድ ነገር ነው።»

በክፍሉ ጥግ በጆንያ ተሸፍኖ የቆመ ትልቅ የብረት ሥራ ነበር። ሀኒፋ ወደሱ ስታይ ሳቢር ፈጠን ብሎ በመሐል ገባ። «እሱም ሐሙስ።»

ወደ መድኃኒት ቤቱ ሲመለሱ ወሰንየለሽ ስለ ተቃጠለው ጣሪያ ታወራለች። ሀኒፋ አልሰማቻትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኑን ሲያሳርፍባት ያየችውን ሰው፣ በዚያች ሰዓት ዓይኑ ከእሷ ሸሽቶ ጥግ ሲፈልግ አየችው።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ሐጂ ጃዕፈር ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ጠሯት።

«አርብ ከጁምዓ በኋላ የሳቢር ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሁለቴ ‹እንነጋገርበት› ብዬ መልሻቸዋለሁ። በሦስተኛው አዎ ወይ አይ ይባላል እንጂ የሰው ሽማግሌ አይመላለስም።»

«እሺ፣ አባ።»

«እናቱ ዑሙልኸይር እጇ የተባረከ ሴት ናት። አሥራ አራት ዓመት እኔ ጋ ዙርባ አስራለች። በኋላ በር ገብታ በኋላ በር ወጥታለች፣ አንድ ልጥ አባክና አታውቅም።» ኮታቸውን ደረቡ። «የኋላ በር ሰው ግን የኋላ በር ሰው ነው። ከተማው ምን እንደሚል አልደብቅሽም። ቢሆንም አስተምሬሻለሁ፣ መልሱን ላንቺ ትቼዋለሁ። የልጁ ልብ አንቺ ጋ ከሆነ እሺ በይ። ሌላ ጋ ከሆነ ግን…»

«ለምን ሌላ ጋ ይሆናል?» ድምፅዋ ከሐሳቧ በላይ ወጣ።

ሐጂ በመነጽራቸው ላይ ተመለከቷት። «ሆነ አላልኩም። ነጋዴ ነኝ፣ የታሰረ ነገር ሳልፈታ አልገዛም።»

ሥራ ገብታ አንድ ሰዓት ሳይሞላት ወሰንየለሽ ከመደርደሪያው ጀርባ ጠቀሰቻት።

«ሀኒ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። መጀመሪያ የያዝሽውን ብልቃጥ አስቀምጪው።»

«ምን ሆነ?»

«ሙስሊማን አየኋት። አሁን ስመጣ፣ ከሳቢር ቤት ስትወጣ።»

«ፍርግርግ ልታዝ ሄዳ ይሆናላ።»

«ፍርግርግ ልታዝ የሄደች ሴት በር ደርግማ ትወጣለች? ፊቷ በርበሬ መስሏል ስልሽ! ሴት ልጅ የማታውቀውን ወንድ እንደዚያ አትቆጣም። እንደዚያ የምትቆጪው የራስሽን ሰው ነው።» የሀኒፋን ፊት አየችና ደነገጠች። «አቦ ተይ፣ እኔ አፌ ነው። ምናልባትም ፍርግርግ ነው።»

ሀኒፋ የታዘዘ ክኒን መቁጠር ጀመረች። በችኮላ ስትሆን ግራ እጇ ይቀድማታል። ልጅ ሳለች በግራዋ ነበር ነገር ሁሉ፤ ቁርአን ቤት ገብታ፣ ከዚያም ትምህርት ቤት ተገርፋ ቀኟን ለመደች። አሁን የቀራት ልማድ ግራዋን ሻርፗ ሥር መደበቅ ነው። የዛሬው ቆጠራ አሥራ ሰባት ላይ ጠፋት፣ እንደገና ጀመረች፣ አሁንም ጠፋት።

ሥራ ሲበርድ አንድ ወረቀት አውጥታ ጻፈች።

«ሳቢር፣ አሰላሙ ዓለይኩም። በሥዕሎችህ ሁሉ ላይ የማንን ቤት ቋጠሮ እንዳሰርክ ሌላው ባያውቅ እኔ አውቃለሁ። ሽማግሌዎችህን ወደዚያው ቤት ላካቸው። የእኛን በር በከንቱ አያንኳኩ። ሀኒፋ።»

ወሰንየለሽ ወረቀቱን ወስዳ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ጽሑፉ ላይ የብረት ዝገት የነካው አውራ ጣት ታትሟል።

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ‹አውቃለሁ› የሚለውን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቀጥሎ ያለው እስኪመጣ ድረስ። ሀኒፋ፣ የሴት ልጅ ነገር በሰው እጅ በሚሄድ ወረቀት አይጻፍም፣ እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ። ነገ ነይ። ሥዕሎቹን በፊታቸው ብቻ አትያቸው። ከዚያ በኋላ አይ ካልሽኝ ሽማግሌዎቼን ራሴ አስቀራለሁ። ሳቢር።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። የሴት ልጅ ነገር። የቷ ሴት ልጅ? ንጹሕ ሰው ሲጠየቅ እዚያው አይመልስም እንዴ? ወረቀቱን አጥፋ መድኃኒት ማዘዣው ሥር አስገባችው፣ አወጣችው፣ እንደገና አስገባችው። ማታ ለአባቷ «አይ» ማለት አቅቷት ሳይሆን፣ አንድ ቀን ብቻ ልቆይ ብላ ዝም አለች። የሚያሳፍራት ይሄ ነው፤ ጥርጣሬዋ ሁሉ ሞልቶ እያለ አሁንም ለእሱ አንድ ቀን መስጠቷ።

* * *

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዐውደ ርዕዩ የተዘጋጀበት አዳራሽ ከጠበቁት በላይ ሰው ነበረበት። ግድግዳው እርጥበት ስላለው ሳቢር ሥዕሎቹን ከጣሪያው በሽቦ አንጠልጥሏቸው ነበር፤ ሰው በመሐላቸው እንደ ጫካ ይሄዳል። በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ የሳቢር እናት አዴ ዑሙልኸይር ተቀምጠዋል። አሥራ አራት ዓመት ልጥ የጎተተው እጃቸው ጭናቸው ላይ ተደራርቧል፤ የልጃቸውን ሥራ ለማየት እንኳ ወደ ውስጥ አልዘለቁም።

በአዳራሹ መሐል የተሸፈነው ብረት ተገልጦ ቆሟል። ከመኪና ባሌስትራና ከፌሮ ብረት የተበየደ የጫት ቁጥቋጦ ነው። ቅርንጫፎቹ ወደ ላይ ሲወጡ ግን ጎዳና ይሆናሉ፤ መናኸሪያው፣ ገበያው፣ ወደ ተራራው የሚወጣው ዳገት። ጭሮ ራሷ ከአንድ ግንድ በቅላለች። ግንዱ ደግሞ በወፍራም የብረት ዘንግ ታስሯል፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ወደ ግራ።

«ትልቁንም ለእሷ ነው የሠራው» አለች ሀኒፋ በልቧ።

«አንቺ የሐጂ ጃዕፈር ልጅ አይደለሽ?»

ዞር ስትል ሙስሊማ ናት። በቅርብ ስትታይ ከሩቁ ይበልጥ ታምራለች፤ ሀኒፋን ይህም ቆጫት።

«ነኝ።»

«ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው? የእኛን ቤት ምልክት እዚህ ሁሉ ላይ ያስራል። ደስ ብሎኝ፣ አንዷን ሽጥልኝ ለአባቴ ሳሎን ትሁን አልኩት። ‹አይሸጡም፣ የሰው ናቸው› አለኝ። የማን ሰው? ዝም! ወላሂ ትናንት በሩን ደርግሜበት ነው የወጣሁት።»

«ታዲያ… በደንብ አታውቂውም?»

«ምኑን አውቀዋለሁ? የጓዳችንን ፍርግርግ አጣሞ የሠራ ሰው ነው።» ሙስሊማ ጣቷን ዘርግታ ቀለበቷን አሳየቻት። «የእኔማ ሐረር ነው ያለው። ምነው፣ ፊትሽ ተቀየረ?»

አንዱ ጥርጣሬ ሲወድቅ ሌላው በቦታው ቆሟል። የሰው ናቸው። የማን? ከሙስሊማ ራቅ ብላ «ማሽላና መሰላ»ን ዞረችና ከጀርባው ቆመች። በጥሬው ሸራ ላይ፣ በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል።

«ማሽላና መሰላ። ለቢታ።»

ወደ ቦርደዴው ጀርባ ሄደች። ለቢታ። ወደ ቦኬው ሄደች። ለቢታ።

ቢታ በኦሮምኛ ግራ ማለት ነው። ቃሉን በየቀኑ ትሰማዋለች። በዚያ ስም የተጠራች ልጅ እንደነበረች ግን ረስታው ኖራለች። «ኮቱ፣ ቢታ! ነይ፣ ግራኟ!» የአዴ ዑሙልኸይር ድምፅ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የአባቷ ግቢ የሙዝ ቅጠል፣ የእርጥብ ጫት ሽታ። እሳቸው ልጡን በቀኝ ሲያዞሩ እሷ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ በግራዋ ትከተላለች። ያሰረችው ዙርባ ተገልብጦ ይወጣል፣ አሳሪዎቹ ሴቶች ሁሉ ይስቃሉ። ከእናቱ ጎን ደብተር ይዞ የተቀመጠው የአሥራ አንድ ዓመቱ ሳቢር ብቻ አልሳቀም። «ይቺኛዋ ለእኔ ትሁን» አለ። በዓመቱ አባቷና መህዲ ተጣሉ። አባቷ ግቢው መሐል ቆመው «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ በግራ የሚያስር እጅ እንዳላይ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ወደ አሳሪዎቹ አልሄደችም።

ቋጠሮው የመህዲ ሆኖ ብቻ ነበር የሚታያት። የእሷ የነበረበት ጊዜ ጨርሶ ከአእምሮዋ ወጥቷል።

በሥዕሎቹ መሐል ሳቢር ቆሞ ያያታል። የትኛው ጋ እንደቆመች አውቋል። አልተጠጋትም። አንድ ቃል ልትለው አፏን ስትከፍት ከመሐል አዳራሹ የምታውቀው ድምፅ ተሰማ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሐጂ ጃዕፈር በከዘራቸው የብረቱን ግንድ መታ አደረጉት። ሰው ሁሉ ዞረ።

«ልጄን ሊወስድ የሚፈልገውን ልጅ ሥራ ልይ ብዬ ነበር የመጣሁት። አየሁት! ሳቢር፣ እናትህ አሥራ አራት ዓመት የእኔን ዙርባ አሠረች። አንተ የመህዲን ቋጠሮ ጭሮ ላይ ታስራለህ?»

«ሐጂ፣ እሱ የመህዲ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ሳቢር ሀኒፋን አየ፣ ከዚያም መሬት አየ። ያላገባች የሰው ሴት ልጅ ናት፤ በአባቷና በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ስሟን ሊያነሳ አይችልም። «እሱን እኔ አልናገርም» አለ። «ከፈለጉ ሽማግሌዎቼን አስቀራለሁ። ስሙን ግን ከእኔ አይሰሙትም።»

ማክሰኞ ሸሽቷል ያለችው ያ ዓይን ይሄው ነው። ያኔም በወሰንየለሽ ፊት ስሟን ይጠብቅላት ነበር። ሀኒፋ ይህን ስታውቅ ሁለት ቀን የተሸከመችው ጥርጣሬ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ሐፍረትም ነው፣ ደስታም ነው፣ ከሁለቱ የቱ እንደሚበልጥ ግን አታውቅም።

ሰው በተሰበሰበበት ተናግራ አታውቅም። አሁንም አልተናገረችም። ወደ ብረቱ ሄዳ ጎንበስ አለች። ከግንዱ ሥር ሳቢር ለማስጌጫ የበተነው የደረቀ የጫት ቀንበጥና ልጥ አለ። አንድ እፍኝ ሰበሰበች። ግራ እጇን ከሻርፗ ሥር አወጣችው።

እጅ አይረሳም። አንድ ዙር፣ ሁለተኛ ዙር፣ ጫፉ በራሱ ሥር። ሳብ። አሥራ ስድስት ዓመት ያላሰረችው ቋጠሮ ወደ ግራ ዞሮ ጸና።

ለአባቷ ዘረጋችላቸው።

ሐጂ ጃዕፈር ተቀበሏት። መነጽራቸውን አውልቀው ቋጠሮዋን አገላበጧት።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ዘጠኝ፣ አባ።»

«መህዲ ያኔ እኛ ጋ ነበር።»

«ነበር።»

«በየጠዋቱ ግቢ ሲያልፍ አንቺ ስታስሪ አይቷል» አሉ ሐጂ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «እኔ ደግሞ ከእሱ መጣ ብዬ አንቺን አስተውኩሽ።»

«ኧረ ቆይ!» አለች ሙስሊማ ከወደ ኋላ። «የእኛ ቤት ምልክት የእሷ ነው ማለት ነዋ? አባቴ ይሄን ሲሰማ ይታመማል፣ ወላሂ!» ሰው ሳቀ። ሐጂ ሊቆጡ ዞረው፣ አፋቸውን በእጃቸው ከለሉ።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ቀረቡ፣ ድምፃቸው ለእሷ ብቻ ሆነ። «መልስሽ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው፣ አባ።»

ያሰረችውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ አስገቡና ከዘራቸውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። አግዳሚው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አዴ ዑሙልኸይር ሊነሱ ሲሉ በእጃቸው ተቀመጪ አሏቸው።

«ዑሙልኸይር፣ ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አብረሽ ነይ።»

«እሺ፣ ሐጂ።»

«በፊት በር ነው የምትገቢው። እኔ ራሴ እከፍትልሻለሁ።»

ተደራርበው የነበሩት የአዴ ዑሙልኸይር እጆች ተለያይተው ወደ ፊታቸው ወጡ።

ሳቢር ከሥዕሎቹ መሐል መጥቶ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፣ ሰው አለና። «ማክሰኞ ብነግርሽ ይሻል ነበር» አለ።

«ብትነግረኝ አላምንህም ነበር።»

«አሁንስ?»

ሀኒፋ የልጥ ክር የቀረበትን ግራ እጇን አየችው፣ እሱም እያየው ነበር። ወደ ሻርፗ ሥር አልመለሰችውም።